ለአንዲት የጠመኔ ሥዕል

በምኖርበት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ሆን ተብሎ ጨለም የተደረገ ክፍል አለ። የወረቀት ሥዕሎች የሚሰቀሉበት ነው። ብርሃን ወረቀትን ስለሚጎዳ መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አያልፍም። አንድ ሥዕል ጥቂት ወራት ከታየ በኋላ ይወርድና ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ያርፋል።

ባለፈው እዚያ ያስቆመኝ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሣዊ የሳለው ተራራ ነው። የእነ ጉስታቭ ዶሬ ዘመን ሰው ነው። ዶሬን በስም ባናውቀው እንኳ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎቹን ሳናይ አልቀረንም። ዶሬም የአውሮፓን ተራሮች፣ አልፕስን፣ ይወድ ነበር፤ እየወጣም ይስለው ነበር። በሥዕሉ ላይ ገደሉ በጥቁር ጠመኔ ቁልቁል ወርዷል፤ በረዶው ነጭ ጠመኔ ነው። ግራጫው ሳይነካ የተተወው ወረቀት ራሱ ነው። ከሥር ሁለት ሰዎች አሉ፤ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጡም። ጠጋ ብዬ ሳይ ደመናው ጠርዝ ላይ በጣት የታሸ ቦታ አለ። የሰውየው አውራ ጣት እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ፈዝዤ ቀረሁ።

ከዚያ ንዴቱ መጣ።

አጎቴ ሥነ ጥበብ የተማረ ሰው ነበር። ስሜን ወጥቶ፣ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ገደሉን በከሰልና በጠመኔ ይስል ነበር፤ ጭላዳዎቹን ሳይቀር። ሲሞት ለአርባው ቤቱ ይጽዳ ተባለ። ጥቅል ወረቀቶቹ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለቆራሌው ሄዱ። ማንም ክፉ አላሰበም፣ አውቃለሁ። የምርቃቱ ፎቶ ግን በፍሬም ሳሎን ተሰቅሏል። ተራራውን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ያንን ተራራ ዓይኑ እንዳየው ያስቀረልን ሰው ሥራ በኪሎ ተሸጠ።

ድህነት ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። እዚህ ካየሁት ጥንቃቄ ብዙው ገንዘብ አይፈልግም። መጋረጃ መዝጋት ስንት ያስወጣል? ወረቀቱን ሳይጠቀልሉ ዘርግቶ፣ በንጹሕ ወረቀት ሸፍኖ፣ ምንም ሳይጭኑበት ማስቀመጥስ? ጠመኔ ወረቀት ላይ ያረፈ ዱቄት ነው፤ ከታሸ ይለቃል። ብራናውን ማኅደር ሰፍተን፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ለዘመናት ያቆየን ሰዎች ለወረቀት ሥዕል ምነው እጃችን አጠረ?

አንዲት ሥዕል መትረፏን የሰማሁት በቅርቡ ነው። የአጎቴ ልጅ ፍራሽ ሥር አግኝታት ደወለችልኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ «እንዳትበላሽ ነገ ላሚኔት ላስደርጋት» አትለኝም! ኧረ በማርያም! ሙቀቱና ፕላስቲኩ ጠመኔውን ይዞት ይቀራል፤ አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። ለጊዜው በሁለት ካርቶን መሃል ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣታለች። ፍሬም ስታሠራም መስታወቱ ጠመኔውን እንዳይነካ ዳር ዳሩን ካርቶን እንዲገባበት ለባለሙያው እንድትነግረው አደራ ብያታለሁ። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ጥቅል ካለ፣ እባካችሁ ላሚኔት ቤት አትውሰዱት።