ለንደን ሆይ አብሽሪ፣ ደሴ አለንልሽ

የእግር ኳስን የደጋፊ ባህል ማን እንዳዳነው አንድ ቀን ሲጻፍ፣ ደሴ እንዳትረሳ አደራ።

አውሮፓ ውስጥ ደጋፊ ተደራጅቷል አሉ። ማህበር አለው፣ ባነር ይሰቅላል፣ የክለብ ባለቤት ቲኬት ሲያስወድድበት አፍ አውጥቶ ይሟገታል። ደግ አደረገ። ግን የሚሟገተው ሰፈሩ ላለ ሜዳ ነው። ለገዛ ሜዳውማ ማን አይሟገትም? ጀግና ማለት ረግጦት ለማያውቀው ስታዲየም፣ ቆርጦት ለማያውቀው ቲኬት ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው የኛው የደሴ ቲፎዞ ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. አስራ ሁለት ሀብታም ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የግላቸውን ድግስ ሊደግሱ መሆኑ ተሰማ። የለንደን ደጋፊዎች ቼልሲ ሜዳ በር ላይ ወጥተው መንገድ ዘጉ። ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። እዚህ ላይ የእንግሊዞቹን ብቻ የሚያመሰግን ሰው ግፍ ይሠራል። የደሴዋ ፒያሳም ተቆጥታ ነበር። «ኳስ የድሃ ናት!» የሚለው ጩኸት ጦሳ ተራራ ድረስ ተሰምቷል። ከክለቦቹ ጀርባ ያሉት የአሜሪካ ባለሀብቶች የፈሩት የትኛውን ጩኸት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

በቲኬት ዋጋማ የደሴን ቲፎዞ የሚያህል የለም። ማመን ያቃተው ትልቅ ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ይቁም። የባለቤቱ ልጅ ብሩን እንደ ታክሲ ረዳት በጣቶቹ መሀል አጥፎ ተቀምጧል።

«ዛሬ እጥፍ ነው።»

ለምን የሚል የለም። «አብሽር ወንድሜ፣ አርሰናልና ማንቼ አይደሉ እንዴ!» ብሎ ከፍሎ ይገባል። ለሦስት ሰው የተሠራው አግዳሚ ላይ አምስተኛ ሆኖ ይሸጎጣል። ጀርባዋ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረችው የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ቪአይፒ ናት።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ዱዓ ይደረጋል። የአርሰናሉ የሳካ እግር እንዲጠበቅ አንድ አባት እጃቸውን ዘርግተው ይለምናሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል «አሚን» ይላል። ወሎ ነዋ!

ከዚያ በእረፍት ሰዓት ከመሀል አዋቂው ይነሳል። የሊቨርፑልን ነገር ይተርካል። በፈረንጆቹ የካቲት 2016፣ ክለቡ አንዳንዱን ቲኬት 77 ፓውንድ አደርጋለሁ ሲል፣ ደጋፊው ልክ በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች ሆኖ ከስታዲየም ወጣ። ያውም 2 ለ 0 እየመሩ! ሰው ሲወጣ ሰንደርላንድ ሁለት አግብቶ 2 ለ 2 አለቀ። በቀናት ውስጥ ክለቡ ይቅርታ ጠይቆ ዋጋውን መለሰ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ደጋፊ ማለት ይሄ ነው! እንዲህ ነው እንቢ ማለት!»

ጭብጨባው ሳይበርድ ልጁ ሊሰበስብ መጣ። «የሁለተኛው ጨዋታ ሂሳብ!»

ሁሉም ከፈለ። አንዱ መልስ እንኳን አልተቀበለም።

ይህን ጽናት ከየት ታመጣዋለህ? እንግሊዞቹ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ በፕሪሚየር ሊጉ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ቲኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ አስወስነዋል። ጀርመኖቹም በ2024 መጀመሪያ የቴኒስ ኳስና የቸኮሌት ሳንቲም ሜዳ ላይ እየወረወሩ ሊጋቸው ለባለሀብት ድርሻ ሊሸጥ የነበረውን እቅድ አስጣሉት። እኛ ወርውረን አናውቅም። የምንወረውረው ብር ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ልጁ።

አሁን ወደ ዋናው ውለታችን ልምጣ። እንግሊዝ አገር ቅዳሜ ከሰዓት፣ በነሱ አቆጣጠር ከ2፡45 እስከ 5፡15፣ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ደንብ ነው። ምክንያቱ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልልቆቹን ከሚያይ ወጥቶ የሰፈሩን ትንሽ ክለብ እንዲያይ ነው። ስለዚህ የለንደኑ ሰውዬ በዚያ ሰዓት ብርድ ላይ ቆሞ የሶስተኛና የአራተኛ ዲቪዚዮን ኳስ ያያል። እሱ ያልታየለትን ትልቅ ጨዋታ ታዲያ ማን ይይለት? ደሴ! እሱ የሰፈሩን ክለብ ሲጠብቅ እኛ ፕሪሚየር ሊጉን እንጠብቅለታለን። የሥራ ክፍፍል ይሉሃል ይሄ ነው።

በዚያው ሰሞን እዚሁ ሆጤ ስታዲየም ላይ የገዛ ክለባችን ደሴ ከተማ ይጫወታል። የኛ ሰው የሆጤን ሳር ክብር ያውቃል፤ በዓይኑ እንኳን አይነካውም። የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች በስድብ ተሳቀው አያውቁም። የመስመር ዳኛውም ተረጋግቶ ይሠራል፤ ሲሳሳት የሚያየው የለም። የደሴ ከተማ ማሊያ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ቲፎዞውን መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። የሰው የግል ጉዳይ ውስጥ መግባት ይሆናል። አርሰናል በዚህ ዓመት ሦስተኛ ማሊያው ምን እንደሚመስል ጠይቀው፣ አንገትጌው ላይ ስንት መስመር እንዳለ ሳይቀር ይነግርሃል።

ወልድያዎች ትንሽ ያሳፍሩናል። በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆላቸው፣ ክለባቸው ፕሪሚየር ሊግ በነበረ ጊዜ እየሄዱ ይቀመጡበት ነበር። ወንበር እንዲህ ያልቃል።

የአውሮፓ ደጋፊ ሌላም ለቅሶ አለው። ቴሌቪዥን የጨዋታ ሰዓት እየቀያየረ አስቸገረኝ ይላል። በዚህ በኩል ደሴ መፍትሔ አላት። ባለፈው አንድ ቲፎዞ ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ የሆጤ ጨዋታ ከእንግሊዝ ጋር እየተጋጨ ስለሆነ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይደረግ። «ጠዋት ትመጣለህ ወይ?» ሲባል፣ «ጠዋትማ እተኛለሁ፤ ማታ የሻምፒዮንስ ሊግ ድጋሚ ሳይ ነው የማድረው» አለ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አንድ ልጅ ግን ነገሩ አልገባውም። ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ሆጤ ጨዋታ አለ፣ መግቢያውም ከዚህ ይረክሳል» እያለ ሰው ይቀሰቅሳል። ከጋቢያቸው ላይ የአርሰናል ስካርፍ የጠመጠሙ አንድ አባት አዘኑለት።

«በየትኛው ቻናል ነው ልጄ?»

«በቻናል አይታይም አባባ። ሜዳ ሄደው ነው።»

«አይ ልጄ! በዲሽ ካልታየማ፣ ገባ አልገባ ብትጨቃጨቁ ሪፕሌዩን ማን ያሳያችኋል?» አሉና ለልጁም ጭምር ከፍለው ወደ ውስጥ አስገቡት።