እስቲ አስመስለው

መኪናዬ ዘፈን ጀመረች። ሐምሌ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዝናቡ ገና አላባራም። ቁልፉን ሳዞር ከኮፈኑ ሥር ቀጭን "ዊዊዊዊ" ወጣ። ነዳጅ ስሰጣት ይቀጥናል፣ ስለቃት ይወፍራል። ድምፁን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። የት እንደሆነ ግን አልመጣልኝ አለ።

መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ ኃላፊነት የሚሰማው ባለመኪና ሁሉ የሚወስደው ነው። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩ። በዚህ ሕክምና ሦስት ሳምንት ተሻላት።

ቪትዝ ናት፣ በፈረንጆቹ 2006 የተሠራች። ከሁለት ዓመት በፊት ስገዛት ደላላው "የሴት መኪና ናት" ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይቺ ቃል ከሞተር ምርመራ ትበልጣለች። ሴትየዋ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ብቻ ነበር አሉ የምትነዳት። የቆጣሪውን ኪሎሜትር ሳየው ሴትየዋ አክሱም ጽዮንን በየሳምንቱ ትሳለም ነበር ማለት ነው።

"ሽጣትና ተገላገል" የሚለኝ አልጠፋም። ሽጬ ምን ልገዛ? የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። እኛ ያለን ሰዎች ያለንን እንደ ቅርስ ይዘን ቁጭ ብለናል። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ጠዋት ጠዋት የእኔን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ላይ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ትሕትና ይታያል። "እግዜር ያውቃል" ብሎኝ ያለ ኮሽታ ይሄዳል።

ሬዲዮኑ አልበቃ ሲል ምርመራው ተጀመረ። ሐኪም አልጠራሁም። በዚህ ከተማ ሐኪም አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል።

የግቢያችን ጥበቃ "ድመት ገብታ ይሆናል" አለ። ከፍተን አየን። ድመት የለችም። "ወጥታለቻ!" አለ፣ አቋሙን ሳይለውጥ። የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ሰከንድ አዳምጦ "ካምቢዮ ነው" አለ። የእሱ ካምቢዮ አምና ተበላሽቶ አክስሮታል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ድምፅ ለእሱ ካምቢዮ ነው። የፍሪጅም ቢሆን። አክስቴ "ጠበል አስረጫት" አሉኝ። አራት ኪሎ መብራት ይዞኝ ቆሜ ደግሞ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር! ቺንጋህ ሊበጠስ ነው!" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሁለት ሴቶች አዘኑልኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ቺንጋ ማለት ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ረዳቱ ያለው ስለገባኝ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። አስነሳኋት። ጭጭ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጮህ የከረመች መኪና እንደ ሙሽራ አቀረቀረች።

"እንዴት ነው የሚለው? እስቲ አስመስለው።"

ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቢሮ "አቶ" ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። ግራ ቀኙን አየሁና "ዊዊዊ" አልኩ።

"ዊ ነው ወይስ ዡ?"

"ዊ ነው። ወደ ዡ የሚያደላ።"

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። "እንደ ትንኝ ነው እንደ ንብ?" አሰብኩበት። "በትንኝ ጀምሮ በንብ ያልቃል" አልኩ። ሰውዬው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና "እንዲህ?" ብሎ "ዝዊዊዊዥ" አለ። ሌላው "አይደለም፣ እንዲህ ነው" አለና በአፍንጫው አወጣው። ከጥግ ያለው ቀለም ቀቢ ጭንብሉን አውልቆ የራሱን ሞከረ። አምስት ስድስት ትልልቅ ሰዎች ክብ ሠርተን በየተራ "ዊ" እንላለን። መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ታዳምጠናለች።

ስብሰባው በድምፅ ብልጫ "ቺንጋ ነው" ብሎ ተበተነ። ቺንጋው ተቀየረ፣ ከፈልኩ። ገና ከበሩ ሳልወጣ "ዊዊዊ" አለች። መካኒኩ ሮጦ መጣ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ "ይላመዳል!" አለኝ። ከእኔ ጋር ማለቱ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው መካኒክ እንኳን ድምፁን የእኔንም ወሬ አልጨረሰም። "የመሪ ፖምፕ" አለና ዋጋ ነገረኝ። ተከራከርኩ። ቀነሰልኝ። በቅናሹ ደስ ብሎኝ ልስማማ ስል አንድ ሠራተኛው ጎኔን ነካ አድርጎ "ይቺ እኮ መሪዋ በኤሌክትሪክ ነው፣ ፖምፕ የላትም" አለኝ በሹክሹክታ። የሌላትን ዕቃ ለማስቀየር በዋጋ ተስማምቼ ነበር። ያውም በቅናሽ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው። ጋራዣቸው ከአንዲት ቆርቆሮ ጥላ አይበልጥም። አንድ ረዳት ልጅ አላቸው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አስመስለው አላሉኝም። ጠየቁኝ። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ ይጨምራል? ይጨምራል። መኪናዋ ቆማም ይጮኻል? አዎ። ኤሲ ስታበራና ስታጠፋ ይለወጣል? አይለወጥም። ጠዋት ሲበርዳት ይብሳል? ይብሳል። "እሺ" አሉ። እስካሁን ከሰማኋቸው ምርመራዎች ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው።

"ካቻቪቴ" አሉት ልጁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። ኮፈኑ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሚታው፣ ካቻቪቴው፣ ኩሽኔታው ግን አልወጡም። ሀገሩ ነፃ ሲወጣ ጋራዡ ተረስቶ ቀርቷል።

ልጁ ረጅም ካቻቪቴ አመጣ። ሽማግሌው ሞተሩ እየሠራ ጫፉን የውሃ ፖምፑ ላይ አሳረፉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባትሪውን ወደሚሞላው ዲናሞ አዞሩት። ዓይናቸውን ገለጡና እጀታውን ለእኔ ሰጡኝ። "ከቺንጋው ራቅ በል" አሉና ክራቫቴን ሸሚዜ ውስጥ ከተቱልኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። በአንድ ዘንግ ብረት በኩል የዲናሞው ሆድ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ሰማሁ። ከሩቅ "ዊ" የሚለው ነገር በቅርብ "እርርርር" ነው።

እሳቸው ግን ጆሯቸውንም ሙሉ ለሙሉ አያምኑም። ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን አወለቁና ለአፍታ አስነሱት። ድምፁ የለም። ዲናሞውን በእጃቸው ቢያሽከረክሩት አጉረመረመ። "ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዲህ አይነሳም። የውሃ ፖምፑም በቺንጋው ነው የሚዞረው" አሉ ለልጁ። እኔን እያስተማሩ እንዳልሆነ ለማስመሰል ነው። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ዲናሞው ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይዞራል። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲዞር ግሪሱ አልቋል። ይኸው ነው በሽታው።

ልጁ ዲናሞውን ፈቶ ኩሽኔታውን አወጣ። ይዤው ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ምን እንደሚል አልጠየቀኝም፣ የመኪናዋን ስምም አልጠየቀኝም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን በጣቱ ጠርጎ አነበበ። 6303። የትም አገር ሄደህ 6303 ካልክ ቀዳዳው 17 ሚሊሜትር ነው፣ ውጪው 47። ዊም ዡም የለ። ክርክሩ የመጣው በዋጋው ነው። "ጃፓን አለ፣ ቻይና አለ፣ የጃፓን ዓይነት አለ" አለኝ። "የጃፓን ዓይነት ምንድነው?" ብለው "ያው ጃፓን እንደማለት ነው" አለኝ፣ ወደ ጎን እያየ።

ተገጠመ። አስነሳኋት። ዝም አለች። ሬዲዮኑ እየጮኸ ኖሮ ደንግጬ ቀነስኩት።

ሒሳብ ስከፍል አሮጌው ኩሽኔታ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አነሳሁት። ሌባ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ በሌላው እጄ አሽከረከርኩት። ዊዊዊዊ።

ያኔ መጣልኝ። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት። ሳንቃ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ከሥሬ ኩሽኔታ አስፋልቱን ይፈጫል፣ ከኋላዬ የእናቴ ጩኸት ይመጣል። ሳንቃው ከፊት በአንድ፣ ከኋላ በሁለት ኩሽኔታ ነው የሚሄደው። ይህን ድምፅ በስምንት ዓመቴ ከማንም መካኒክ በላይ አውቀው ነበር።

ኩሽኔታውን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ኪሴን አየ፣ እኔን አየ።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ሁለት ይቀርዎታል።"