አሰልጣኙን ከማባረራችሁ በፊት ተጫዋቾቹን ማን እንዳስፈረመ ንገሩን

ባለፈው እሁድ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ከክለቡ አመራሮች አንዱ ማይክ ይዘው የተናገሩትን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም። «ኖቲንግሃም ፎረስት እንኳን አሰልጣኙን በ39 ቀን አሰናብቷል። እኛ ምን እንጠብቃለን?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ ነው ያጨበጨበው። ቀነ ገደቡም እዚያው ተነገረ። ሦስት ጨዋታ። በሦስቱ ውጤት ካልመጣ አሰልጣኙ ሻንጣውን ይሸክፋል።

የክለቡን ስም አልጠራም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ኳስ የሚከታተል ሰው የትኛውን እንደምል ያውቃል። ሽንፈቱንም አልቆጥርም። ሁላችንም ቆጥረን ደክሞናል። እኔም እንደማንኛውም ደጋፊ ተናድጃለሁ፣ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ። ግን ንዴት ሌላ ነው፣ የክለብን ገንዘብና ዓመት ማቃጠል ሌላ ነው።

ከእንግሊዙ ክለብ ከፎረስት እንጀምር፣ ምሳሌውን የመረጡት እሳቸው ናቸውና። እውነት ነው፣ ፎረስት አንጅ ፖስቴኮግሉን በ39 ቀን አሰናብቷል። ጳጉሜን ላይ ቀጠረው፣ ጥቅምት ላይ በቼልሲ ሦስት ለዜሮ እንደተሸነፈ ጨዋታው ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ አባረረው። ግን ታሪኩ ለምን ከመሃል ይነገረናል? ከፖስቴኮግሉ በፊት የነበረው ኑኖ ኢስፔሪቶ ሳንቶ ነው። ኑኖ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዓመት ፎረስትን ሰባተኛ አድርጎ ጨርሷል። ክለቡን ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አውሮፓ ውድድር የመለሰው እሱ ነው። እሱንም አባረሩት። ከዚያ ፖስቴኮግሉ መጣ፣ ስምንት ጨዋታ መራ፣ አንድም አላሸነፈም። ከዚያ ሾን ዳይች ተቀጠረ። ጥቅምት ሳያልቅ ሦስት አሰልጣኝ! አውሮፓ የገባ ቡድን በሁለት ወር ውስጥ የወራጅ ቀጠና ቡድን ሆነ። ይሄ ነው እንድንከተለው የቀረበልን አርአያ። ያጨበጨብነው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ጎረቤቱ ቤቱን ሲያቃጥል አይቶ «እሱ እንኳን አቃጥሏል፣ እኛ ምን እንጠብቃለን» አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው «አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድን ይነቃል» ይላል። በዓይኑ ስላየው ነው የሚለው። አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል፣ ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ያሸንፋል፣ ደጋፊው ይዘላል። ታዲያ ምን ጥርጥር አለው?

ደሴ ያደገ ሰው ጉምን ያውቃል። ክረምት ጠዋት ላይ ጉም ፒያሳን ሲውጠው አስር ሜትር ላይ ያለ ባጃጅ አይታይም። ረፋድ ላይ ይገለጣል። ማንም አልገፈፈውም፣ በራሱ ጊዜ ነው። እስቲ አንድ ሰው ጉሙ ሊገለጥ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወጥቶ ጥሩምባ ነፋ እንበል። ጉሙ ሲገለጥ «ያባረረው የእኔ ጥሩምባ ነው» ቢለን እንቀበለዋለን? አንቀበለውም። ኳስ ላይ ግን በየዓመቱ እንቀበላለን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አሰልጣኝ የሚባረረው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ የመጨረሻው ታች ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ የደረሰው ደግሞ በአሰልጣኙ ስህተት ብቻ አይደለም። የግብ ቋሚ የመለሰው ኳስ አለ። በ90ኛው ደቂቃ የተሳተ ፍፁም ቅጣት ምት አለ። ግብ ጠባቂው ተጎድቶ ተቀያሪው የገባበት ጨዋታ አለ። ዳኛ ያላየው እጅ አለ። ከጠንካራ ቡድኖች ጋር በተከታታይ የተገናኘንበት ወር አለ። እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲገጣጠሙ ቡድን ካቅሙ በታች ይወርዳል። ግን ለዘላለም አይገጣጠሙም። ቋሚ ሁልጊዜ አይመልስም። ግብ ጠባቂው ይድናል። ጠንካሮቹ አልፈው ደካሞቹ ይመጣሉ። ቡድኑ ወደ ትክክለኛ አቅሙ ይመለሳል። ልክ በዚያ ሰዓት አዲስ አሰልጣኝ ካስገባህ ምስጋናው የእሱ ይሆናል። ጥሩምባው ጉሙን አባረረ ይባላል።

ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። ባስ ተር ዊል የሚባል የኔዘርላንድስ የኢኮኖሚ ባለሙያ የሀገሩን ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 መርምሯል። አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች ከስንብቱ በኋላ ተሻሽለዋል። እስከዚህ ድረስ የአዳራሹ ጭብጨባ ልክ ይመስላል። ግን ሰውየው እዚያ ላይ አላቆመም። በተመሳሳይ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ክለቦችንም ተመለከተ። እነሱም ተሻሽለዋል። ያባረሩት ካላባረሩት የተሻለ ነገር አላገኙም። ልዩነቱ አንደኛው ወገን የስንብት ገንዘብ መክፈሉ ነው።

ከዚህ በኋላ «ግን እኮ ሲቀየር ይነቃል» የሚለኝ ሰው ያላባረሩትን ክለቦች ይቁጠርልኝ። እነሱን ማንም አይቆጥራቸውም። ዜና አይሆኑም። ዝም ብለው ይነሳሉ።

ማንቸስተር ዩናይትድን ደግሞ ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዲኤስቲቪ ቤቶቻችን ቅዳሜና እሁድ የሚሞሉት በማን እንደሆነ እናውቃለን። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት የአሰልጣኙን የቴን ሃግን ውል አራዘመ። ጥቅምት ላይ አባረረው። ለእሱና ለረዳቶቹ የከፈለው 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ተተኪውን ሩበን አሞሪምን ከፖርቱጋሉ ክለብ ስፖርቲንግ ለማስለቀቅ ሌላ 11 ሚሊዮን ዩሮ ወጣ። ቴን ሃግ ሲባረር ቡድኑ 14ኛ ነበር። ስንተኛ ሆኖ ጨረሰ? 15ኛ። በ42 ነጥብ። በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን እንደዚያ ዝቅ ብሎ ጨርሶ አያውቅም። ያ ሁሉ ገንዘብ የገዛው አንድ ደረጃ ወደ ታች መውረድ ነው።

ስለ አርሰናሉ አሰልጣኝ ስለ አርቴታም አንድ ነገር ልበል። ፒያሳ ያለው ፀጉር አስተካካዬ የአርሰናል ደጋፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አርሰናል ሦስቱን የመክፈቻ ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ አንድም ጎል ሳያገባ፣ ከሁሉም በታች ሲቀመጥ መቀሱን አስቀምጦ «ይሄን ሰውዬ ዛሬ ካላባረሩት አርሰናልን ተውኩ» አለኝ። ከዚያ በፊት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ሆነው ስለነበር አልፈረድኩበትም። ክለቡ ግን አላባረረም። እስከ 2025 ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ፀጉር አስተካካዬ ዛሬ ስለ አርቴታ ሲያወራ ወንድሙን የሚያወራ ነው የሚመስለው።

አዎ፣ ቼልሲ ላምፓርድን አባርሮ ቱኸልን አምጥቶ በ2021 ሻምፒየንስ ሊግ በልቷል። ይሄን አልክድም። ግን ያው ቼልሲ ያንኑ ቱኸልን በ2022 ጳጉሜን ላይ አባረረና ዓመቱን 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ግማሹን ታሪክ ነው የሚነግረን።

የውጭው ይበቃል። የራሳችንን ቁስል እንይ። ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2005 ሱዳንን ሁለት ለዜሮ ባሸነፍንበት ቀን ደሴ አልተኛችም። መኪናው ጥሩምባ፣ ሰፈሩ ጭፈራ ነበር። ከዚያ አልፎ እስከ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ሄዶ ከናይጄሪያ ጋር ተጫወተ። እዚያ ደርሰን አናውቅም ነበር። በ2006 ደቡብ አፍሪካ ላይ በቻን፣ በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆች በሚሳተፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ። ሦስት ጨዋታ! የእኛዎቹ አመራር የሰጡት ቀነ ገደብም ሦስት ነው፣ ቁጥሩ ራሱ ያመኛል። ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ከዚያስ? ፖርቱጋላዊው ባሬቶ መጣ፣ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሄደ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። አምስት አሰልጣኝ። ቀጣዩን አፍሪካ ዋንጫ ያየነው በ2014 ጥር፣ በውበቱ አባተ ጊዜ፣ ካሜሩን ላይ ነው። እኔ አምስቱም ሰዎች ችሎታ የላቸውም አልልም። እያንዳንዳቸው የጀመሩትን ሌላው ከዜሮ ጀምሮታል። ያ ሁሉ ዓመት የጠፋው በጀማሪነት ነው።

አሁን ወደ እኛ አሰልጣኝ ልመለስ። ሰውየው ሲመጣ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ፈርመው ነበር። ይሄ ምስጢር አይደለም፣ ፊርማቸው በክለቡ ገፅ ላይ በፎቶ ወጥቷል። ከፎቶዎቹ አብዛኞቹ ላይ አሰልጣኙ የለም። ኮሚቴው ግን አለ። አማካይ ፈልጎ አጥቂ የተሰጠው አሰልጣኝ ምን እንዲያደርግ ነው የተፈለገው? በቂ የቅድመ ውድድር ዝግጅት አልነበረውም። ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋቾቹ ለማን እንደሚያማርሩ ሁላችንም ሰምተናል። ለእሱ ነው። እሱ ደግሞ የሚሰጣቸው መልስ የለውም። ገንዘቡን የያዘው እሱ አይደለም።

ሌላም አለ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ስለሚካሄድ ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው ሆቴል ውስጥ ወራት ይቀመጣሉ። እዚሁ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ከሰፈር ሰው ፊት ቢጫወቱ ጩኸታችን ጉልበት ይሆናቸው ነበር። የሚጫወቱት ግን ባዶ ወንበር ፊት ነው። በዚህ መሃል ሦስት ጨዋታ ብሎ ቀነ ገደብ የሰጠ አመራር ለተጫዋቾቹ የሚነግራቸው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ይሄን ሰውዬ አትስሙት፣ በቅርቡ ይሄዳል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ ማን ይሮጥለታል? ቀነ ገደቡ ራሱ ሽንፈት ያመጣል። ሽንፈቱ ሲመጣ ደግሞ «ብለን ነበር» ይባላል።

ገንዘቡስ? ውል ያለውን አሰልጣኝ ከመንገድ ብታወርደው አቤቱታ ያቀርባል። መብቱ ነው። ፌዴሬሽኑ ክፈሉ ይላል። ካልተከፈለ ክለቡ አዲስ ተጫዋች ከማስመዝገብ እስከ መታገድ ይደርሳል። በሀገራችን ክለቦች ላይ ይሄ በተደጋጋሚ ሲሆን አይተናል። የክለቡ በጀት ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ከከተማው ነው። የአሰልጣኙን ቀሪ ደመወዝ የሚከፍለው ያጨበጨበው ልጅ አባት ነው። በዚያ ብር ለታዳጊ ቡድኑ ስንት ኳስ፣ ስንት ታኬታ ይገዛል? ሰኞ ገበያና ቧንቧ ውሃ ሰፈር በጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። እነሱ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም።

ማባረር ለምን እንደሚወደድ አውቃለሁ። ርካሽ መልስ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ይሄዳል፣ ሁሉም ንፁህ ይሆናል። ተጫዋች ያስፈረመው ንፁህ ነው። ደመወዝ ያዘገየው ንፁህ ነው። አሰልጣኙን ራሱን መርጦ የቀጠረው ሰው እንኳን ንፁህ ነው። እንዲያውም አባራሪ ሆኖ ይጨበጨብለታል። ባለፈው እሁድ ማይክ የያዙት ሰው የቅጥሩ ቀን ፎቶ ላይ ከአሰልጣኙ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ያን ቀን «ከብዙዎች አወዳድረን የመረጥነው» ነው ያሉት። መርጠው ተሳስተው ከሆነ ምርጫቸው ይጠየቅ። ቀጣዩን የሚመርጡትም እኮ እነሱው ናቸው!

አሰልጣኙ ዓመቱን ይጨርስ። የዘገየ ደመወዝ ካለ ይከፈል። የጥር ዝውውር ላይ እሱ የፈለገውን አማካይ ያስፈርም፣ ፎቶውም ላይ እሱ ይቁም። ዓመቱ ሲያልቅ ተሰብስበን እንገምግመው። ያኔ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ እኔ ራሴ እጄን አወጣለሁ።

የሚቀጥለው የደጋፊዎች ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተብሏል። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማይኩ ሲደርሰኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ተጫዋቾቹን ማን አስፈረማቸው?