አህያይቱ ልክ ነበረች

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን አህያ ዕድሜ ልካችንን ስናማት ኖረናል። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ዘመናችንን እንደ እሷ የገባው ፈላስፋ የለም።

ደግሞ ሐሳቡ ከመሬት አልበቀለም፤ የዘር ሐረግ አለው። የሰው ልጅ 300,000 ዓመት ገደማ ኖሯል። እርሻ የጀመረው ከ12,000 ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሕይወት አደንና ለቀማ ነበረች። የበሰለ ፍሬ አይቶ «ለከርሞ ይቆየኝ» ያለን ሰው ዝንጀሮ ቀደመው። አንበሳ እየመጣበት ስለ እርጅናው ማሰብ የጀመረው አስተዋይ ደግሞ ዘር አልተካም። እኛ የእነዚያ አፋሾችና ሯጮች ልጆች ነን። አደራቸውን እንብላ?

አልበላንም። ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ እንደ ፈረንጆቹ በ1896 ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ላይ ከበዛ ምድር እንደምትሞቅ አስልቶ ጻፈ። እኛ አልተንጫጫንም። መቶ ምናምን ዓመት ቁጭ ብለን ጠበቅን። የሰው ልጅ ትዕግሥት የለውም ያለው ማነው?

የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድም ታሪክ ያኮራል። ኮድ የተባለው ዓሣ ለዘመናት የሕዝቡ እንጀራ ነበር። ትልልቅ መርከቦች መጥተው ባሕሩን ጠረጉት። በትንንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት «ዓሣው እየጠፋ ነው» ብለው ጮኹ። ምቀኛ መቼም አይጠፋም። እንደ ፈረንጆቹ በ1992 መንግሥት ማጥመዱን ሲያግድ 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈታ። ይኸው፣ ዓሣውም ሰውም አረፈ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉ ሰዎች ግን አሁንም አሉ። እስቲ ልጠይቃቸው፦ ሳይቃጠል ምኑ ይጠፋል? ሳይፈነዳ ለተጠገነ ቱቦ ሪባን ሲቆረጥ ያየ አለ? ሲፈነዳ ነው ደስ የሚለው። ካሜራ ይመጣል። ባለሥልጣኑ ቦት ጫማውን አጥልቆ ጭቃው ውስጥ ይቆማል፣ በጣቱ ወደ ሩቅ ይጠቁማል (ሁልጊዜ ምን እንደሚጠቁም አይገባኝም)። «ጀግና!» እንለዋለን። ድሮ ያስጠገነውንማ «ብር አባካኝ» ብለን በምርጫ አሰናብተነዋል።

የልጅ ልጆቻችን ቅሬታ ካላቸው ማመልከቻ ያስገቡ። ቢሮው ክፍት ነው። እስካሁን አንዳቸውም አልመጡም፤ ተስማምተዋል ማለት ነው።