አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ልስማ ባልኩ!

ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ላውጣው። ሰው አዳማ ላይ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ወንበሩ ቁጭ ብሎ አንድ ዘፈን አጣርቶ ለመስማት ይህን ሁሉ መከራ ማየት አለበት እንዴ?

ሦስት ወር ሆነኝ። የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር። ዘፈኖቼ በሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ ከስልኬ ላይ የምሻውን እየመረጥኩ፣ ድምፁ በደህና ስፒከር እንዲወጣ። በቃ፣ ሌላ ምን አልኩ? ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች ይህን "በርካሽ" ይሉታል። ራዝቤሪ ፓይ የምትባል የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ግዛ ይሉሃል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ስትወጣ 35 ዶላር ነበረች። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሐምሌ 2016 ላይ ገበያው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ስለዚህ የእነሱ ርካሽ እኔ ጋ ሲደርስ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ በኢንተርኔት መክፈያ ካርድ የለኝ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደጅ መጥናት ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ?

እና የሚስቴ ወንድም ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነበረው፣ ውሰደው አለኝ። ዘፈን ለማከማቸትና ለማጫወት ስክሪን አያስፈልግም፤ አንዴ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼ ፕሮግራሙን ጫንኩበት፣ ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው በስልክ ነው። ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ከፖስታ ቤት አካባቢ ተከራክሬ ገዛሁ። በባጃጅ ሳመጣ ስፒከሮቹን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቅፌያቸው ነበር።

ገመዱን ሰካሁ። ዘፈኑ ሳይጀምር "እዝዝዝዝ" አለ። ድምፅ ስጨምር አብሮ ይጨምራል። ገመድ ቀየርኩ። ሌላ ገመድ ቀየርኩ። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ጢንዚዛ ነው እንዴ ያስገባህብን?" አለች። ሲጨንቀኝ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት። ጭጭ! ጥላሁን ሳሎናችን መሃል የቆመ መሰለኝ፤ ትንፋሽ ሲወስድ ሁሉ ይሰማል። ለአራት ሰከንድ። ከዚያ ላፕቶፑ ድርግም አለ፤ ለካ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እንግዲህ ምረጥ ማለት ነው፣ ወይ ጢንዚዛ ወይ ዝምታ።

የመብራት ሠራተኛ ጠራሁ። ሶኬቱን ፈታና በዊንጩ ጫፍ አሳየኝ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጋ ሽቦ አለ። ሦስተኛው ጋ ቡሎኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል፣ ሽቦ የሚባል ነክቶት አያውቅም፤ ሸረሪት ግን አድርታበታለች። "ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ግራውንድ አልገባም፤ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለጌጥ ናት" አለኝና የመጣበትን ተቀበለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቻርጀሩ የሚፈጥረው ረብሻ ወደ መሬት መውረጃ ሽቦ (ግራውንድ ማለት ይኸው ነው) ሲያጣ በድምፅ ገመዱ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ይመጣል። መፍትሔው ግራውንድ አይሶሌተር የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት። ውስጧ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ድምፁ ያልፋል፣ ሁለቱ ዕቃዎች ግን በሽቦ አይገናኙም። የመኪና ቴፕ የሚገጥሙ ልጆች ጋ አገኘኋት። ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንትና ሦስት ገመድ ፈጀብኝ። የቤት ባለቤቶች፣ እባካችሁ፣ ሦስተኛዋን ሽቦ ስትገነቡ አስገቧት።

"ኢንተርኔት በሌለበት ምን ያደርግልሃል?" ለሚሉኝ ደግሞ፦ ዘፈኑ ከላፕቶፑ ወደ ስፒከሩ ነው የሚሄደው፣ አሜሪካ ደርሶ አይመለስም። የስልኬን ትዕዛዝም ራውተሩ ፓኬጅ ባይኖረውም እቤት ውስጥ ያመላልሰዋል። በዳታ ብሰማ ግን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ጥራት አንድ ሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። ሲባዛ ይታያችሁ።

መብራቱን ምን ልበላችሁ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹን አያቸዋለሁ። አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት። ነፋሳችን ይነፍሳል፣ አቧራችን ይነሳል፣ ምላጮቹ ይዞራሉ፣ እኔ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እበረብራለሁ። ኃይሉ ወደ አገሪቱ ቋት እንደሚገባ አውቃለሁ፣ አስረዱኝ አላልኩም። ግን ያናድዳል! መብራት ሲመለስ ራውተሩ ራሱ ይነሳል፤ ላፕቶፑ ግን ሄጄ ቁልፉን ካልተጫንኩለት አይነቃም። አንድ ቀን ደግሞ ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ "ልመርምር" እያለ አደረ።

አከራያችን ደግሞ ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። "ልጄ፣ ያቺ አረንጓዴ መብራት ሌሊቱንም ትበራለች፣ ቆጣሪው የጋራ ነው እኮ።" ላፕቶፑ ሥራ ሳይበዛበት 20 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። የእሳቸው ምጣድ አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገርበት የሚበላውን የእኔው ሳምንት ሙሉ በርቶ ነው የሚበላው። ይህን ግን ለአከራይ ማን ይናገራል? "እሺ እማማ፣ አጠፋዋለሁ" ብዬ የመብራቷ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩባት።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። እውነተኛው በሽታ ዘፈኖቹ ናቸው።

32 ጊጋ ፍላሽ ይዤ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ ሄድኩና አስሞላሁ። እቤት መጥቼ ስከፍተው "ዘፋኝ" የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የሱቅ ስልክ ቁጥር ነው። ከምሬ ነው! በእኔ ቤት መዝገብ መሠረት በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ዘፈን የዘፈነው በ09 የሚጀምር አንድ ቁጥር ነው። የዘፈኑ ርዕስ "ትራክ 07"። ዘፈኑ መሃል ደርሶ ልብህ ሲቀልጥ አንድ ጎርናና ድምፅ የሙዚቃ ቤቱን ስም ይጠራልሃል። ፋይሉ ላይ 320 የሚል ተጽፏል፤ በፕሮግራም ስመረምረው ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው በጣም ቀጭኑ ድምፅ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ያ ደግሞ ጥራቱ ዝቅ ያለ የ128 ኪሎቢት ፋይል ምልክት ነው። ውሃ የበዛበትን ወተት ትልቅ ጣሳ ውስጥ ገልብጠው "ብዙ ነው" እንደማለት።

እሺ፣ ስሞቹን ራሴ ላስተካክል አልኩ። ጥላሁን ገሠሠ አለ። ጥላሁን ገሰሰ አለ። ጥላሁን ገሠሰም አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ አራት ሌሎች ጥላሁኖች አሉ። እኛ ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ አንድ አድርገን እናነባለን፣ ለኮምፒውተሩ ግን እነዚህ ተዋውቀው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አሊ ቢራ በቁቤ የተጻፈው አንድ ጥግ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ሌላ ጥግ። ፕሮግራሙ ደግሞ አልፎ አልፎ የፈረንጅ ጠባዩ ይነሳበትና በ"ቤተሰብ ስም" ይደረድራል፤ ጥላሁንን በአባቱ ስም ገ ውስጥ ሄጄ እፈልገዋለሁ። ማህሙድን ገና አልጀመርኩትም፤ እሱ ከሀ እና ከሐ በፊት ገና "ማ" ነው "መ" ነው የሚለው አለበት።

በመጨረሻ የአማቴን ካሴቶች ራሴ ልገልብጥ ብዬ ተነሳሁ። ቢያንስ የሱቅ ማስታወቂያ የለባቸውም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ጠርጌ፣ የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠንጥኜ፣ ልጆቹን "ኮቴ እንዳይሰማ" ብዬ ደጅ አስወጥቼ አስራ አንዱን ጨረስኩ። አስራ ሁለተኛው 52ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሴቭ አልተደረገም። አማቴ ስልክ ደውለው "እንዴት ሆነልህ ልጄ?" ሲሉኝ "ደህና ነው አባባ" አልኩ፤ ምን ልበል?

አሁን ደግሞ የቴፑ ቺንግያ ላልቶ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ይጎተታል። አዳማ ውስጥ የካሴት ማጫወቻ ቺንግያ የሚሸጥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። "የብር ማሰሪያ ላስቲክ ይሠራል" የምትሉ ግን አትድከሙ፣ ሞክሬዋለሁ።