ኦፕን ሀውስ

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ሆነን ልጃችን፣ «ቅዳሜ የሕግ ትምህርት ቤቱ ኦፕን ሀውስ ስላለ ከፈለጋችሁ አብረን እንሂድ» ስትል፣ ባለቤቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችና «ምነው፣ ሊሸጥ ነው እንዴ?» አለች። አይፈረድባትም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለምንኖር ሐበሾች ኦፕን ሀውስ ማለት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመግዛት አቅሙም ሐሳቡም የሌለንን ቤት እየዞርን፣ የሰው ቁም ሣጥን እየከፈትን የምናይበት፣ በመጨረሻም ደላላው ያቀረበልንን ውኃ ጠጥተን «እናስብበታለን» ብለን የምንወጣበት የታወቀ ሥርዓት ነው።

ልጅቱ በትዕግሥት አስረዳችን። ትምህርት ቤቱ ለማመልከት የሚያስቡትን ጠርቶ ግቢውን ያስጎበኛል፤ አንድ መምህር ለናሙና ያህል ያስተምራል፤ ስለ መግቢያውና ስለ ክፍያውም ገለጻ ይደረጋል። ነገሩ የሕግ ነውና አጎቴን ማማከር ግድ ሆነ። እርሳቸው አገር ቤት ሳሉ በአንዲት የእርሻ ድንበር አሥራ አንድ ዓመት የተሟገቱ፣ ለጎረቤት ከተፈረደች በኋላም «የተረታሁት በነገር ሳይሆን በዳኛ ነው» የሚሉ፣ የቤተሰባችን ብቸኛ የሕግ ሰው ናቸው።

አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የሆነው ሕግ፣ እዚህ ሌላ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሦስት ዓመት የሚማሩት መሆኑን ሲሰሙ ቅር አላቸው። የመግቢያ ፈተናው ዝቅተኛ ውጤት 120፣ ከፍተኛው 180 መሆኑ ሲነገራቸው ግን ፊታቸው በራ። «ምንም ላልመለሰ 120? እንዲህ ያለ ቸር ፈተና በእኛ ጊዜ ቢኖር እኔም ዳኛ እሆን ነበር!» ባለቤቴን ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ ከምረቃ በኋላ «ባር» የሚባል ነገር መኖሩን ሰምታ፣ የጠበቆች ፈቃድ ፈተና መሆኑ እስኪብራራላት ድረስ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም።

አጎቴ ወደ ፍሬ ነገሩ ገቡ። «የጠሩን እነሱ ናቸው ወይስ የለመንነው እኛ ነን?»

«እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያውስ ልጅ ፈላጊዎቹ እነሱ ናቸው። ጥሎሹስ?»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ጋሼ፣ እሱን ስኮላርሺፕ ይሉታል» አለቻቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ሽማግሌ የሚጠብቅ ቤት መሰለ።

እኔ ሱፌን ከመስቀያው አወረድሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የለበስሁት ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ ስፈጽም ነበርና፣ ያን ቀን የታደለችን ትንሿ ባንዲራ ከነእንጨቷ ከውስጥ ኪሱ ወጣች። መሐላው እስካሁን ይዞኛል፤ ሱሪው ግን ሊይዘኝ አልቻለም። ባለቤቴ ደግሞ፣ የሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ፣ ከላቲኖች ሱቅ በገዛችው የሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ድፎ ከምድጃ ስታወጣ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ሕንፃውን ሁሉ በውድቅት ሌሊት ቀሰቀሰ። ልጅቱ «ምሳ እኮ ያቀርባሉ» ብትል፣ «ሳንድዊች ነው የሚያቀርቡት፤ አጎትሽ ጽጌን ይጾማሉ» ተብላ ዝም አለች። የእርሷ ዝግጅት በስልኳ መመዝገብ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁለት እንግዳ ብቻ ስለሚፈቅድ የአጎቴ ስም አልገባም።

አጎቴ ይህን የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መኪናው ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። «በሕግ ትምህርት ቤት በር ላይ ‹በሕግ አምላክ!› ያለ ሰው ሊከለከል ነው?» ብለው በዕድር ደረሰኝ ጀርባ የጻፏቸውን ጥያቄዎች ማንበብ ቀጠሉ።

ከኋላ፣ ቀበቶ ከታሰረለት ድፎ አጠገብ የተቀመጠችው ልጄ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «ጋሼ፣ የፈለጉትን ይጠይቁ፤ የስኮላርሺፑን ነገር ግን ለእኔ ይተዉልኝ።»

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ዞር አሉ። «ሙሽራ ስለ ጥሎሽ አፍ አውጥታ ስትናገር የት አይተሻል?»