ጣት ቆጠራው አያዋጣም

ወንድሜ፣ «ፎቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠራቱን ለማወቅ ጣት ቁጠሩ፤ አምስት ከሆነ እውነተኛ ነው» ያልከው ላይ እርማት አለኝ። ምክሩ እ.ኤ.አ. በ2022 አካባቢ ያስኬድ ነበር። ያኔ ማሽኑ እጅ መሥራት አይሆንለትም፤ ስድስትና ሰባት ጣት ይደረድር ነበር። አሁን ተሻሽሏል። አምስት ጣት ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞስ እጅ የሌለበት ፎቶስ? ሜይ 22 ቀን 2023 ፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ) አጠገብ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ፎቶ ትዊተር ላይ ተለቀቀ። ሕንፃ፣ አጥር፣ ጥቁር ጭስ። የማንን ጣት ልትቆጥር ነው? ሰማያዊ ምልክት ያላቸው፣ የተረጋገጡ የሚመስሉ አካውንቶች ተቀባበሉት፤ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ሳይቀር ለጥቂት ደቂቃ ወረድ አለ። ፔንታጎን የሚገኝበት የአርሊንግተን እሳት አደጋ «ፍንዳታ የለም» ሲል ነው ጉዱ የወጣው። አጥሩን ልብ ብለው ያዩ ሰዎችም ብረቱ ሰው እንዳያልፍ ከሚቆመው መከለያ ጋር እንደ ሰም ቀልጦ አገኙት።

በዚያ ላይ እኛን ቴሌግራም ላይ ብዙ ጊዜ የሚሸውደን እውነተኛ ፎቶ ነው። የድሮ ወይም የሌላ አገር ይሆንና አዲስ ወሬ ይለጠፍበታል። እኔ ራሴ ባለፈው «ዛሬ ጠዋት የደረሰ ጎርፍ» የተባለ ፎቶ ለቤተሰብ ግሩፕ ልልክ ስል፣ እስቲ ብዬ ፎቶ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ የሚፈልገው ጉግል ሌንስ ላይ ከተትኩት። ከዓመታት በፊት የተነሳ፣ ያውም የባሕር ማዶ ሆኖ አረፈው! ሰዎቹ ጣታቸው ሙሉ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶው ከየት እንደመጣ ፈልግ። ቦታው ላይ ያለ ሌላ ዘጋቢ አይቶታል ወይ ብለህም ጠይቅ።